ተዋናይት መሆን ለምትፈልጉ የአገሬ ልጆች

ልጆቼ፣

«እትዬ፣ ፊልም መሥራት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» የሚል ጥያቄ ዘወትር ይደርሰኛል። የምትጠይቀኝ ልጅ ብዙ ጊዜ ከደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ሲና ወይም ከመንዝ ናት። የአገሬ ልጆች ናችሁና ዝም ማለት አልሆነልኝም።

እኔ ተዋናይት አይደለሁም። ሥራዬ ኮንቲኒዩቲ ነው፤ በተለያየ ቀን የተቀረጹ ትዕይንቶች እንዲገጣጠሙ እጠብቃለሁ። ፊልም እንደምታዩት በቅደም ተከተል አይቀረጽም። የታሪኩ መጨረሻ በመጀመሪያው ቀን ሊቀረጽ ይችላል። ሲኒው በየትኛው እጅ እንደነበር፣ ነጠላው በየትኛው ትከሻ ላይ እንደወደቀ መዝግቤ የምይዘው እኔ ነኝ። ካሜራው አጠገብ ቁጭ ብዬ ብዙ ጀማሪዎችን አይቻለሁ። ስለ አንዷ ልንገራችሁ።

የመንዝ ልጅ ናት። ያኔ 19 ዓመቷ ነበር። አዲስ አበባ፣ ላምበረት መናኸሪያ ስትወርድ የያዘችው አንድ ፌስታል ልብስ ነው። ኦዲሽኑ፣ ማለትም የተዋናይ መምረጫው ፈተና ላይ የአዲስ አበባ ልጅ ለመምሰል አነጋገሯን ስትለውጥ ቃሉ አፏ ላይ ደረቀ። ዋናውን ሚና አላገኘችም። ሁለት ትዕይንት ብቻ ያላት የገበሬ ልጅ እንድትሆን ተሰጣት።

የተቀረጸው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ነው። ወሩ ኅዳር ነበር። ውርጩን እናንተ ታውቁታላችሁ። የካሜራው ባትሪ እንኳ በብርዱ ቶሎ ቶሎ ያልቅብን ነበር። ልጅቷ ደጅ ተቀምጣ ሱፍ ትፈትላለች። መርዶ ነጋሪዎች ይመጣሉ። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ የወንድሟን መሞት ትረዳለች። ስክሪፕቱ «ጮኻ ታለቅሳለች» ይላል።

እሷ አልጮኸችም። ክሩ ተበጠሰ። ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ አጎንብሳ ሁለቱን ጫፎች በምራቋ አርጥባ ቀጠለችና እንዝርቱን እንደገና አሾረችው። ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ። ዳይሬክተሩ «ካት» ሳይል ቆየ። እኔም መጻፌን ትቼ ነበር።

ያንን ማንም አላስተማራትም። እናቷ ባና ለሚባለው ብርድ ልብስ የሚሆን ሱፍ ሲፈትሉ እያየች ነው ያደገችው። ሰው ሲደነግጥ እጁ የለመደውን ሥራ እንደማይለቅ ቤቷ ውስጥ አይታለች። ለመደበቅ የታገለችው አገሯ ነው ያንን ቀን ያወጣት። አነጋገራችሁን ለመጣል የምትጣደፉ ልጆች ይህንን አስቡልኝ። የከተማውን አነጋገር ተማሩ፤ ያስፈልጋችኋል። የእናንተን ግን አትጣሉት።

ከሦስት ቀን በኋላ የትዕይንቱን ቀጣይ ክፍል ልንቀርጽ ስንል ወደ እኔ መጣች። «እትዬ፣ እንዝርቱ ላይ የነበረው ክር ከዚህ ይበልጥ ነበር» አለችኝ። ያነሣሁትን ፎቶ አየሁ። እውነቷን ነበር። ደብተር ነበራት። በእያንዳንዱ ትዕይንት ገጸ ባሕርይዋ ከየት እንደመጣች፣ ምን እንደምታውቅ፣ ምን እንዳልሰማች ትጽፍበታለች። ይህቺ ልጅ ትሠራለች ያልኩት ያን ጊዜ ነው። ማልቀስማ ብዙዎች ይችላሉ።

እናቷ ተቆጥተው ነበር። «አዝማሪ ልትሆኚ ነው ያሳደግኩሽ?» ብለዋታል። ይህ ቃል ዛሬ አልተጀመረም። በቴአትራችን መጀመሪያ ዘመን የሴት ሚና የሚጫወቱት ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። በ1940ዎቹ አስናቀች ወርቁ መድረክ ላይ ወጣች። ክራሯንም ይዛ ዕድሜዋን በሙያው ኖረች። ወላጆቻችሁ ሲቆጡ አትጣሏቸው። ፍርሃታቸው መሠረት አለው። የምትሠሩበትን ቦታና አብራችኋቸው የምትውሉትን ሰዎች አሳዩአቸው።

ፍርሃታቸው መሠረት አለው ያልኩት በምክንያት ነው። ይህቺው የመንዝ ልጅ ሁለተኛ ሥራዋን በቃል ብቻ ተስማምታ 22 ቀን ሠራች። የተከፈላት ግማሹ ነው። ቀሪውን ስትጠይቅ «የምን ውል?» ተባለች። አብራኝ አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት ተናደድኩ። ስለዚህ ሳትፈርሙ ቀረጻ እንዳትገቡ። የቀኑ ብዛት፣ ክፍያው መቼ እንደሚሰጥ፣ የትራንስፖርቱን ወጪ ማን እንደሚችል ይጻፍ። አንድ ቅጂ እጃችሁ ላይ ይቅር። ደግሞ ኦዲሽን ማታ ሆቴል ክፍል ውስጥ አይደረግም። ብቻሽን ነይ የሚላችሁ ሰው ማንም ይሁን ማን፣ አትሂዱ። ፊልሙ ቢቀርባችሁም ይቅር።

ትምህርቱን ለምትጠይቁኝ፦ ከቻላችሁ የቴአትር ጥበባት ተማሩ። ካልቻላችሁ በየከተማችሁ ያለ የቴአትር ክበብ ውስጥ ግቡ። መድረክ ድምፅንም ትዕግሥትንም ያስተምራል።

ፊልሙ ሲመረቅ እናቷ ከመንዝ መጡ። ጋቢያቸውን አጣፍተው አጠገቤ ተቀመጡ። የመርዶው ትዕይንት ሲመጣ እጄን ያዙኝ፤ መብራት እስኪበራ ድረስ አልለቀቁኝም። ልጅቷ እየፈራች መጣች። ጉንጯን፣ ግንባሯን፣ እጆቿን ሳሟት። ከዚያ ጣቶቿን እንደያዙ፣ «ክሩን ለምን አወፈርሽው?» አሏት።