ሁሉንም በአንዴ አትፍቱት፦ አሮጌ የስፖርት መኪና በግቢያቸው ለሚያድሱ ወጣቶች

ልጆቼ፣ ከእናንተ አንዱ የአጎቱን ወይም የአያቱን መኪና ከሸራ ሥር አግኝቶ «ጋሼ፣ ከየት ልጀምር?» ብሎ ሲጠይቀኝ ደስታዬ ወሰን የለውም። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በሞተር ሥራ ነው፤ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም አራት ኪሎ ባለችው ግቢዬ እጄ ከግራሶ አልተለየም። ለጠየቀኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ አንድ ነው፦ መኪናውን በአንዴ አትፍቱት። በአራት ጎማው እንደቆመ፣ አንዱን ሥራ ጨርሳችሁ ወደ ሌላው እለፉ።

ፊያት 124 ስፓይደርን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1966 ቱሪን ላይ ለሕዝብ የታየች ባለ ሸራ ጣሪያ መኪና ናት። ቅርጿ የጣሊያኑ የመኪና ቅርጽ ነዳፊ ቤት የፒኒንፋሪና ነው፤ ሞተሯን የነደፈው ቀደም ሲል ፌራሪ ቤት የሠራው መሐንዲስ አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው። 1438 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍትና የሚዘጋ ዘንግ)፣ በአራቱም ጎማ ዲስክ ፍሬን ያላት፤ ለዘመኗ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለችውን ከውጭ ላስመጣ ቢባል መንገዱ ተዘግቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። የቀረን በየግቢው የቆመው ብቻ ነው። አንዷ ተበትና ከቀረች ምትክ የላትም፤ አጥብቄ የምነግራችሁም ለዚህ ነው።

ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ሊብሬውን ፈልጉ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን መኪናው ላይ ከተመታው ጋር አመሳክሩ። ስሙ የሟች ከሆነ ወራሾቹ ተስማምተው ሳለ የስም ዝውውሩን ጨርሱ፤ መኪናው ካማረ በኋላ ዘመድ ይበዛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ወጣት ሲጀምር ጉልበት አለው፤ በሁለት ቅዳሜ ኮፈኑን፣ በሮቹን፣ ወንበሩን፣ ሞተሩን፣ ካምቢዮውን (የማርሽ ሣጥኑን) አውርዶ ግቢውን ይሞላዋል። መፍታት ቀላል ነው፤ በየቀኑ ብዙ የተሠራ ይመስላል። ችግሩ የሚመጣው ገንዘብ ሲያጥር፣ ፈተና ሲደርስ፣ የፈታው ልጅ የቱ ቡሎን የየት እንደነበር ሲረሳ ነው። መሀል ከተማ ለምንኖር ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ካዛንቺስ ውስጥ በብሎኬት ላይ የተሰቀለ የአንድ ስፓይደር ቦዲ አውቅ ነበር፤ ዕቃው በካርቶን በካርቶን ተደርጎ በየክፍሉ ተቀምጧል። ሰፈሩ ሲነሳ ቤተሰቡ ሌላ ቦታ ገባ፤ ቦዲው በክሬን ተጫነ፣ ካርቶኖቹ ግን ሦስት ዘመድ ቤት ተከፋፍለው ቀሩ። ያ መኪና ጎማው ላይ ቢሆን ኖሮ ተጎትቶ ሙሉውን ይሄድ ነበር። ስለዚህ ፍሬን ስትሠሩ ፍሬን ብቻ ፍቱ፤ የፈታችሁትን ፎቶ አንሱ፤ ቡሎኑን ከነዳዶውና ከነሮንዴላው በላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ ስሙን ጻፉበት፤ ሳትገጥሙት ሌላ አትንኩ።

ቦዲው ላይ ጊዜ ወስጄ ልናገር፤ ስፖርት መኪና የሚሞተው እዚያ ነው። ይህች መኪና እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም፤ ሸክሙን የሚይዘው ላሜራው ራሱ ነው። ጣሪያዋ ሸራ ስለሆነ ደግሞ ወለሉና ከበሩ ሥር የሚያልፈው ሣጥን መሳይ ላሜራ ሥራው እጥፍ ነው። ማግኔት ይዛችሁ ዙሩ፤ ማግኔቱ ያልያዘበት ቦታ ቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው። ከዚያ ኮፈኑን ክፈቱና የፊት ሾክ አብዞርበር ከላይ የሚታሰርበትን ቦታ በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ጫን አድርጉ። ካቻቢቴው ከገባ ዝገቱ በልቶታል ማለት ነው፤ የዚህ ሞዴል የታወቀ ድክመት ነው። የበሩን ሥር ላሜራ መቁረጥ ካስፈለገ አስቀድማችሁ ከፊት የበር ምሰሶ እስከ ኋላው የብረት ቱቦ አስበይዱ፣ በበሩና በቦዲው መካከል ያለውን ክፍተት ላይና ታች ለክታችሁ ጻፉ። ይህ ሳይደረግ ከተቆረጠ ቦዲው መሀሉ ላይ ይሰምጣል፤ ከዚያ በኋላ በሩ አይዘጋም፣ የትኛውም ባቲላሜራ በቀላሉ አይመልሰውም። አንዱን ጎን ጨርሱ፣ ከዚያ ሌላውን።

ሞተሩን በሞተሪኖ (በባትሪ በሚዞረው ማስነሻ) ለማስነሳት አትቸኩሉ። ካንዴላዎቹን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) ፍቱ፣ በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጨምሩ፣ አሳድሩትና ሞተሩን በቡሎን መፍቻ ቁልፍ በእጅ አዙሩት። ከዞረላችሁ ደግ ነው። ካምሻፍቶቹን የሚያዞረው ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ ነው፤ ለዓመታት የቆመ ጎማ ይደርቃል፣ ስለዚህ ሳይቀየር ሞተሩ አይነሳ። ሳልቫትዮ (የነዳጅ ጋኑ) ውስጥ የቆየውን ቤንዚን አፍስሱ።

አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር በተመለከተ መጽሐፍ ብቻ አትመኑ። ካታሎጉ 90 የፈረስ ጉልበት ቢልም እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየሩ ሲሳሳ ያው ቤንዚን ይበዛል፤ ሞተሩ ይታፈናል፣ ካንዴላው በጥቁር ጥላሸት ይሸፈናል። ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ትንሽ የናስ ቀዳዳ ጠበብ ባለች መቀየር ያስፈልጋል። ለውጡ የሚነበበው ካንዴላው ላይ ነው፤ ፈዘዝ ያለ ቡና ዓይነት ሲሆን ልክ መጥቷል።

ዕቃ ለመፈለግ ሶማሌ ተራ ስትወርዱ አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ውረዱ፤ ጎን ለጎን ለኩ። ከተማችንን በሰማያዊና ነጭ ቀለም ለዓመታት ያገለገለችው ላዳ ከፊያት 124 ሴዳን የወጣች ናት፤ ዘመዳማቾች ናቸው። ይሁን እንጂ ሞተሯ ሌላ ነው፣ የኋላ ፍሬኗም ከበሮ ነው፤ «የላዳው ይገባል» የሚላችሁን ሁሉ ሳትለኩ አትግዙት። የስፓይደሩ ሞተር ቤተሰብ ግን በፊያት 125 እና 132 ላይም ስለገባ እነዚያንም ጠይቁ።

ስለ ጤናችሁ ደግሞ እንደ አባት ልናገር። ክሪክ ብቻ በያዘው መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ የብረት ማቆሚያ ይኑር። የድሮ ፍሬን ሸራ አስቤስቶስ አለበት፤ አቧራውን በአየር አትንፉት፣ በውኃ አርጥባችሁ ጥረጉት። ቤንዚን በተከፈተበት ግቢ ብየዳም ሆነ የከሰል ምድጃ አይቀጣጠል፤ ቤተሰቡ ቡና ሊያፈላ ከሆነ ሥራው ይቁም።

ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው። ጥሩ ቀለም ቀቢ ፈልጉና ለእሱ ተዉት።

ሥራው ከከበዳችሁ ለሌላ ማስተላለፍ ነውር የለውም፤ በጎማው የቆመና ዕቃው የተሟላ መኪና የሚረከብ ሰው አይጠፋም።

መጀመሪያ ስታወጡት እሑድ ማለዳ ይሁን። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር የሚወርደውን ቸርችል ጎዳና ለዚያ ቀን አትምረጡት፤ ሜዳ ላይ ቀስ ብላችሁ ፍሬኑን ደጋግማችሁ ያዙ፣ ወደ አንድ ጎን ይስብ እንደሆነ እዩ። የአሮጌ ፍሬን ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ያብጣል፤ የያዘው ጎማ አልለቅ ካለ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ስትመለሱ የጎማ ቡሎኖቹን እንደገና አጥብቁ፣ ከሞተሩና ከካምቢዮው ሥር ንጹሕ ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት ዘይት ከየት እንደተንጠባጠበ እዩና የሚቀጥለውን ቅዳሜ ያንን ብቻ ፍቱ።