ሐረጎን መውረድ ለምትፈሪው እህት፣ "ፍሬኗ" ከሚሏት ሴትዮ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት ግን ተኝቶ በአንድ እጅ የሚመለስ ስላልሆነ ዛሬ ቡናዬን አፍልቼ ቁጭ ብያለሁ። ላላነበባችሁት ልድገመው፣ እህታችን ቤቷ ደሴ ነው ስራዋ ኮምቦልቻ፣ ሐረጎን፣ መሀል ያለውን ቁልቁለት፣ በወረደች ቁጥር እጇ ያልባታል ልቧ ይደልቃል አይኗን ጨፍና ነው የምትደርሰው፣ ስራውን ልልቀቅ ወይ ነው የምትለው፣ በዛ ላይ የ5 አመት ልጇ ዶሮ ስታይ ትንፋሿ እስኪቆረጥ ታለቅሳለች፣ በዘር ነው ወይ መድሀኒትስ አለው ወይ ብላ ጠይቃለች። ከስር "ጠበል ግቢ" "ዱአ አስደርጊ" ያላችሁትን አንብቤያለሁ፣ ጠበሉም ዱአውም ይሁን ማን ይጠላል። "ቅብጠት ነው" ያልሽው ግን አንቺን ዝም ብዬ ነው የማልፍሽ።

እኔ ያንን መንገድ ለ6 አመት ሄጄበታለሁ፣ ከ6ቱ 3ቱን ግን ሄድኩ አይባልም፣ ተጎተትኩ እንጂ። መጀመሪያ መንገዱ ቀልድ እንዳልሆነ እንተማመን። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደሞ 1850 ገደማ፣ መሀላቸው 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ እና ያን ሁሉ ቁልቁል በኩርባ በኩርባ ነው የምትወርጂው፣ ክረምት ጉሙ ሲተኛበት ሹፌሩ ራሱ ቴፑን ቀንሶ ነው የሚነዳው። እዛ ላይ ሰውነት ቢሰቀጥጥ ጤና ነው። ማታ ጅብ የሚፈራን ሰው ፎቢያ አለብህ አንለውም፣ ጭንቅላት አለህ ነው የምንለው። ፎቢያ የሚባለው ፍርሀቱ ከአደጋው ጋ ጭራሽ ሳይመጣጠን ሲቀር፣ 6 ወርና ከዛ በላይ ሲቆይ፣ እና ኑሮሽን ለሱ ብለሽ ማጠፍ ስትጀምሪ ነው። አንቺ ስራ ልልቀቅ ካልሽ እያጠፍሽለት ነው ማለት ነው።

የኔን ልንገርሽ። መናኸሪያ ስገባ መጀመሪያ የማየው ሹፌሩን ነው፣ ልጅ እግር ከሆነ አልሳፈርም፣ ጉንጩ ከተወጠረ አልሳፈርም፣ ሸምገል ያለ እስኪመጣ ሁለት ሶስት ዶልፊን አሳልፋለሁ። ከዛ መሀል ወንበር፣ መጋረጃ ዝግት፣ ሻርፔን ፊቴ ላይ ጥዬ የፊት ወንበሩን ብረት አንቄ እይዛለሁ፣ ኮምቦልቻ ስደርስ የብረቱ ምልክት መዳፌ ላይ ይቀር ነበር ወላሂ። ኩርባ በመጣ ቁጥር እግሬ ወለሉን ይረግጣል፣ ፍሬን እንደሚይዝ ሰው፣ ረዳቶቹ አይተውኝ ስም አወጡልኝ "ፍሬኗ መጣች" ይሉኝ ጀመር። አሁን ሳስበው ያስቀኛል ያኔ ግን ሽንት ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ።

ከዛ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ኮምቦልቻ ቤት ተከራየሁ፣ እሁድ ወርጄ አርብ ልመለስ። የመጀመሪያው ሳምንት ጀነት ነበር። ወር ሳይሞላ ግን አርብን እያሰብኩ ከረቡእ ጀምሮ ሆዴ ይላወስ ጀመር፣ ቀጥሎ እሁድ አሞኛል እያሉ መቅረት መጣ፣ ቀጥሎ መስሪያ ቤታችን ሶስተኛ ፎቅ ወረቀት ለማስፈረም ሰው መላክ፣ በመጨረሻ ደሴ በራችን ላይ ቆሜ ጦሳን ቀና ብዬ ሳይ ራሱ ጉልበቴ ይከዳኝ ጀመር። ተራራው በቦታው ነው ያለው፣ ምን አደረገኝ? መንገዱን ቀነስኩት ፍርሀቱ አደገ፣ ይሄን ልብ በይልኝ ምክንያቱም አንቺም ስራውን ብትለቂ የሚሆነው እሱ ነው። በሸሸን ቁጥር እፎይ እንላለን፣ ያ እፎይታ ደሞ ለፍርሀቱ ደሞዝ ነው፣ "አየሽ ስለሸሸሽ ነው የተረፍሽው" ይልሻል፣ መኪናው በሰላም መድረሱን አይቆጥረውም።

በዘር ነው ወይ ላልሽው፣ ትንሽ በዘር ትንሽ በማየት ትንሽ በደረሰብሽ ነገር ነው፣ አንዳንዴም ምንም የሚታወቅ መነሻ የለውም። እኔ 7 አመቴ እያለ የአጎቴ ልጅ አዝዋ ገደል አፋፍ ላይ ብብቴን ይዞ "ልወርውርሽ" እያለ ተጫውቶብኛል፣ ለብዙ አመት እሱን ስረግም ኖርኩ። ግን እኮ ወንድሜንም በዛው ቀን እንደዛው አድርጎታል፣ ወንድሜ ዛሬ የመብራት ፖል ላይ ወጥቶ ነው እንጀራውን የሚበላው። ስለዚህ አንድ ነገር ላይ ብቻ መለጠፍ አይቻልም። እናቴን ሳስብ ደሞ የበለጠ ይገባኛል፣ መስኮት ጋ በተጠጋን ቁጥር "ወይኔ ልጄን!" ብላ የምትጮኸው ጩኸት፣ መብረቅ ሲሆን መስታወት ሸፍኑ ቀይ ልብስ አውልቁ እያለች አልጋ ስር የምትከተን፣ ከሷ ነው የቀዳሁት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሱዛን ሚኔካ የምትባል ተመራማሪ ላብራቶሪ ያደጉ እባብ የማይፈሩ ጦጣዎችን፣ እባብ የሚፈሩ ጦጣዎች ሲደነግጡ እንዲያዩ ብታደርግ በትንሽ ጊዜ ውስጥ ፈሪ ሆኑ። የሚገርመው በቪዲዮ ቀጥላ ጦጣዋ አበባን የፈራች አስመስላ ብታሳያቸው አበባውን አልፈሩም። ማለት ጭንቅላታችን ለአንዳንድ ነገር ከድሮ ጀምሮ የተዘጋጀ ቦታ አለው፣ ለእባብ ለገደል ለጨለማ። ሶኬት ስንት ሰው ይገላል፣ ሶኬት አይቶ የሚንቀጠቀጥ ሰው ግን አይተሽ ታውቂያለሽ?

ደሞ እኛው እጃችን አለበት። ልጅ ሲያለቅስ "ዝም በል ዶክተሩ መርፌ ይወጋሀል" የማንል ማን አለ? ከዛ 20 አመቱ ላይ መርፌ ሲያይ ወደቀ ብለን እንስቃለን።

እሺ ምን ተሻለኝ? አንድ ጓደኛዬ ጎትታ ሆስፒታል ሳይካትሪ ክፍል ወሰደችኝ (ደሴ ሪፈራል አለ፣ እብድ ብቻ ነው የሚሄደው የሚባለውን እርሺው)። ክኒን ይሰጠኛል ብዬ ስጠብቅ ባለሙያው ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኝ። የምትፈሪውን ከቀላሉ ወደ ከባዱ እንደ መሰላል ጻፊ፣ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ስጪው አለኝ። ታች ላይ የመንገዱን ቪዲዮ በስልክ ማየት ነበር፣ 20 ሰጠሁት። ከዛ ፒያሳ አንድ ካፌ ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ማኪያቶ፣ ከዛ አራተኛ ፎቅ፣ ከዛ ሰው ይዤ ቁልቁለቱ መጀመሪያ ድረስ ሄጄ ቆሞ ማየትና መመለስ፣ ከዛ ዶልፊን ውስጥ በተራራው በኩል ያለ መስኮት፣ ከዛ በገደሉ በኩል መጋረጃ ተከፍቶ፣ መጨረሻ ብቻዬን ጋቢና፣ እሱን 100 ሰጥቼው "ይሄ አይሞከርም" ብዬ በቅንፍ ጽፌበት ነበር።

ህጉ ሁለት ነው። አንደኛ ደረጃው ላይ ከወጣሽ ፍርሀቱ ቢያንስ በግማሽ እስኪወርድ አትነሺም። እንደ ጀበና ነው፣ ይንተከተካል ይንተከተካል ካልነካካሽው ይሰክናል፣ እኛ ሁሌ ሲንተከተክ ጥለነው ስለምንሮጥ መስከኑን አይተነው አናውቅም። እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ 80 ነበርኩ፣ ማኪያቶዬ በረዶ ሆነ፣ ሁለተኛ አዘዝኩ፣ ከ45 ደቂቃ በኋላ 35 ገባ፣ በህይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልሸሽ ወረደልኝ። ሁለተኛው ህግ መደገፊያ የሚሆኑ ነገሮችን መተው ነው፣ አይን መጨፈን፣ ብረት ማነቅ፣ ሹፌር መምረጥ። እኔ ዚክሬንስ ልተው ወይ ብዬ ተቆጣሁ፣ ሳቀና "ዚክርሽን አታቁሚ፣ ብረቱን ልቀቂ" አለኝ።

ቀጥ ብሎ አልሄደም። በገደሉ በኩል በተቀመጥኩበት ሁለተኛ ቀን ጉም መጣ፣ መሀል መንገድ ላይ ወራጅ አለ ብዬ ጮኼ ወረድኩ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስንቀጠቀጥ አንዲት የማላውቃቸው እናት መጥተው ምንም ሳይጠይቁ "አብሽሪ ልጄ" ብለው ጀርባዬን አሹልኝ፣ ቤታቸው ወስደው ቶናውን አጠጡኝ። ሁሉም ነገር ገደል ገባ ብዬ ነበር። ባለሙያው ግን ነገውኑ አንድ ደረጃ ዝቅ ብለሽ ሂጂ፣ ሳምንት ካሳለፍሽ ይከብድሻል አለኝ፣ ሄድኩ። ከመጀመሪያው ቪዲዮ እስከ ጋቢና ሁለት ወር ተኩል ፈጀብኝ። ጀርመናዊው ጎተ፣ ገጣሚው፣ እሱም ተማሪ እያለ ከፍታ ይፈራ ስለነበር ስትራስቡርግ ያለው ካቴድራል ማማ ላይ እየወጣ እስኪለቀው ድረስ ራሱን አለማመደ ይባላል፣ ራሱ ነው የጻፈው፣ ያውም ነጥብ የሚሰጥበት ወረቀት ሳይኖረው።

አሁን አንድ ነገር ተጠንቀቁ፣ ደምና መርፌ የምትፈሩ ሰዎች ይሄን እንዳለ አትውሰዱት። ያ ፖል ላይ የሚወጣው ወንድሜ ለአረፋ በግ ሲታረድ ዝርግት ብሎ ይወድቃል፣ ስንት አመት "ወንድ አይደለህም" ሲባል ኖሯል። የኔ አይነት ፈሪ ልቡ ይሮጣል እንጂ እምብዛም አይወድቅም። የደሙ አይነት ግን ለየት ይላል፣ ግፊቱ መጀመሪያ ከፍ ይልና ድንገት ቁልቁል ይወርዳል፣ ለዛ ነው ራስ የሚስቱት፣ ቤተሰብ ውስጥም በደንብ የሚወረሰው እሱ ነው። እና ለሱ "ሰውነትሽን ፈታ አድርጊ" ማለት ጭራሽ ያባብሰዋል። ኦስት የሚባል የስዊድን ሳይኮሎጂስት ያወጣው ዘዴ አለ፣ ክንድሽን ጭንሽን ሆድሽን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ፊትሽ ሞቅ እስኪል ታጠብቂያለሽ፣ ለ20 ወይ 30 ሰከንድ ትለቂያለሽ፣ 5 ጊዜ ያህል። ግፊቱን ወደ ላይ ይይዘዋል። ወንድሜ ቤት ውስጥ ተለማምዶ አምና ደም ምርመራ ቁጭ ብሎ ሰጠ፣ መርፌው የሚገባበትን ክንድ ግን ላላ ማድረግ ነው ያለበት፣ ደሞ ለነርሷ ቀድሞ መንገር ነው ነውር የለውም፣ ጋደም አድርገው ይወስዱለታል።

ያልተለመዱትንም ላንሳ ብቻዬን ነኝ ብለሽ እንዳታስቢ። አብሮኝ የሚሰራ ልጅ የእንጀራ አይን ማየት አይችልም። አዎ እንጀራ! የተደረደሩ ቀዳዳዎችን ሲያይ ቆዳው ይወረዋል፣ እንጀራውን ገልብጦ በጀርባው ነው የሚበላው፣ የማር እንጀራ የሚባል ነገር እሱ ጋ ስሙም አይነሳም። ትራይፖፎቢያ ይሉታል፣ ስሙ እ.ኤ.አ. በ2005 ኢንተርኔት ላይ የወጣ ነው፣ እስካሁን ሀኪሞቹ መዝገብ ላይ ለብቻው አልሰፈረም፣ ከፍርሀት ይልቅ መጸየፍ ይበዛበታል። ፊኛ የሚፈራ አለ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የሚፈራ አለ። የታፈነ ቦታ የሚፈሩትማ ብዙ ናቸው፣ አዲስ አበባ ስትሄጂ ጣርማበር ዋሻ ላይ ትንፋሹን ይዞ የሚቆጥር ሰው ሁሌ አለ፣ ላሊበላም ያንን ድቅድቅ ያለ መተላለፊያ ግድግዳ እየዳበሱ ሲያልፉ መሀል ላይ ተመለሱ ብሎ የሚጮህ አይጠፋም።

ልጅሽን በተመለከተ፣ እባክሽ ዶሮ ይዘው እላይዋ ላይ የሚጥሉ አጎቶችን አባሪልኝ፣ "ትልመደው" ይላሉ፣ አትለምደውም። እ.ኤ.አ. በ1920 ዋትሰን የሚባል ሰው አንድ ህጻን ነጭ አይጥ ሲነካ ከጀርባው ብረት በመዶሻ እየመታ አስፈራው፣ ከዛ ህጻኑ ጥንቸልም ውሻም መፍራት ጀመረ፣ ዛሬ ቢሆን ማንም አይፈቅድለትም። ከ4 አመት በኋላ ግን ሜሪ ከቨር ጆንስ የምትባል ሴት ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የተባለ ልጅ የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሏን ከሩቅ እያመጣች፣ በየቀኑ ትንሽ እያቀረበች፣ በመጨረሻ በእጁ እስኪዳስሳት አደረሰችው። አንቺም እንደዛው ነው፣ የምትወደውን እየበላች ጫጩት በካርቶን ከግቢው ጥግ፣ ነገ አንድ እርምጃ ቀረብ፣ ፍጥነቱን እሷ ትወስን። አንቺ ደሞ ፊትሽን ጠብቂ፣ የምታነበው ፊትሽን ነው። የእንስሳ ፍርሀት አብዛኛው በዚህ እድሜ ነው የሚጀምረው፣ ብዙ ልጅም ያልፈዋል።

መድሀኒት ላልሽው፣ እንደ ዳያዝፓም ያሉት ለዛች ሰአት ያደነዝዛሉ፣ ሱስ ይሆናሉ፣ ደሞ ተኝተሽ ከወረድሽ ጭንቅላትሽ ምንም አይማርም፣ ያለ ሀኪም እንዳትነኪው። ከመንገድ በፊት ሶስቱንም ቡና ጠጥተሽ አትውጪ፣ ጫትማ ጭራሽ፣ ልብሽን ራሱ ነው የሚያስሮጠው ከዛ ፈራሁ ትያለሽ። እና አንድ ነገር፣ ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ ርችት ወይ የጎማ ፍንዳታ ሲሰሙ መሬት ላይ የሚተኙ ሰዎች አሉን፣ ቅዠት ያለባቸው፣ እሱ ፎቢያ አይደለም የደረሰባቸው ነገር ጠባሳ ነው፣ ህክምናውም ለየት ይላል፣ በመሰላል ራሳችሁ አትሞክሩት ባለሙያ ጋ ሂዱ።

ስራውን አትልቀቂ፣ መልቀቂያ ጽፈሽ ከሆነም መሳቢያ ውስጥ ይቆይ። ዛሬ ማታ መሰላልሽን ጻፊና ታች ያለውን ጀምሪ፣ ከበረንዳ በላይ ስትደርሺ ሰው ከፈለግሽ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ነፃ ነኝ፣ ፒያሳ እንገናኝና አብረን እንወርዳለን። ጋቢናው ግን የኔ ነው፣ አንቺ ለጊዜው መስኮት።