የአርባ ምንጭ በረራና የመስኮት ወንበር

ጥያቄ፦ በመጪው ጥር እናቴን ይዤ ከአዲስ አበባ ወደ አርባ ምንጭ በአውሮፕላን ልሄድ ነው። ባለፈው ዓመት ወደ ሌላ ከተማ ስንጓዝ ለምኜ የመስኮት ወንበር ባገኝም፣ መንገዱን ሙሉ ያየሁት የሞተሩን ጎን ብቻ ነበር። እናቴ ሐይቆቹን ከላይ ማየት ትመኛለች። የትኛውን ወንበር ብንይዝ ይሻላል?
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ሲሄዱ በግራ፣ ሲመለሱ በቀኝ ይቀመጡ። አርባ ምንጭ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ስለሆነች፣ ደንበል ተብሎ የሚጠራው ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ ከቀጥተኛው መስመር በስተምሥራቅ፣ ማለትም በግራዎ ይቀራሉ። አብያታና ሻላ ጎረቤታሞች ቢሆኑም ከላይ ሲታዩ አይመሳሰሉም፤ 266 ሜትር የሚጠልቀው ሻላ ጠቆር ብሎ ይታያል፣ ውኃው የሸሸው አብያታ ግን ዳር ዳሩ ነጣ ያለ ነው። ወደ መጨረሻው ደለል ያቀላው አባያ ይመጣል፤ አውሮፕላኑ ለማረፍ በሚዞርበት አቅጣጫ ዕድል ከቀናዎት ደግሞ እሱን ከጫሞ ሐይቅ የሚለየውን፣ የእግዜር ድልድይ የሚባለውን የየብስ ወገብ ያያሉ። በቀኝ የተቀመጠ ሰው የጋሞን ደጋ ስለሚያይ ፈጽሞ አይከስርም፤ ነገር ግን የእናትዎ ምኞት ሐይቅ ነው።

ባለፈው ያጋጠመዎት የረድፍ ጉዳይ ነው። በአገር ውስጥ በረራ የሚበዛው ኪው 400 የተባለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ክንፉ ከመስኮቶቹ በላይ ስለሆነ፣ እንደ ቦይንግ 737 መሬቱን በክንፍ አይጋርድም፤ የሚጋርደው ከክንፉ ሥር ያለው ሞተር ነው። ከፕሮፔለሩ ፊት ያሉት ወንበሮች ጥርት ያለ እይታ አላቸው፤ እነዚያ ለቢዝነስ ክፍል ተመድበው ከሆነ የመጨረሻዎቹን ረድፎች ይጠይቁ። መካከሉን ይተውት፣ ድምፁም እዚያ ይብሳል። እኔ ግን ከኋላ መቀመጥን የምወድበት አንድ የልጅ ምክንያት አለኝ፦ ለማረፍ ሲቃረብ የሞተሩ ሆድ ተከፍቶ ጎማው ሲወርድ በግልጽ ይታያል።

ፎቶ ለማንሳት የጠዋት ፀሐይ በግራ በኩል ከፊት ለፊት ስለምትወጋ ውኃው ያብረቀርቃል። ከሰዓት በኋላ የሚመለሱ ከሆነ ፀሐይዋ ከጀርባዎ ስለምትሆን ፎቶውን ለመልሱ ያቆዩት። ስልኩን ወደ መስታወቱ አስጠግተው በጥቁር ሹራብ ቢከልሉት የራስዎ ነጸብራቅ አይገባም። ወንበሩን ሲመርጡም ቀደም ብለው ይድረሱ፤ ለሠራተኛዋ «መስኮት» ብቻ ሳይሆን «በግራ፣ ከሞተሩ ኋላ» ብለው ይንገሯት፣ መስኮቱንም ለእናትዎ ይልቀቁላቸው።