ቫይረሱ «ራሱን ለወጠ» ወይስ «ተለወጠ»?

ጥያቄ፦ በአንዳንድ ዜና «ቫይረሱ ራሱን ለወጠ» ይባላል፤ በሌላው ደግሞ «ቫይረሱ ተለወጠ» የሚል አነባለሁ። በሁለቱ መካከል ልዩነት አለ? ተመራማሪዎች በዚሁ ለውጥ የበሽታውን ዱካ ተከተሉ ሲባልም አይገባኝም። የሚለዋወጥ ነገር ዱካው ይጠፋል እንጂ እንዴት ይገኛል?

መልስ፦ ሁለቱ ጥያቄዎችዎ በእውነቱ አንድ ናቸው፤ ሁለተኛውን የወለደው የመጀመሪያው አባባል ነው። «ራሱን ለወጠ» ስንል አድራጊ አለ፤ አድራጊውም ሐሳብ አለው። «ሰላዩ ራሱን ለውጦ ገባ» እንላለን፤ ራሱን የለወጠው እንዳይታወቅ ነው። ይህንኑ አነጋገር ለቫይረስ ስናውለው፣ ሳናስበው ቫይረሱን መልኩን ቀይሮ የሚሸሽ ፍጡር እናደርገዋለን። እንዲያ ከሆነማ ዱካው መጥፋት ነበረበት። «ተለወጠ» ግን እንደ «ተሰበረ» እና እንደ «ተበላሸ» የደረሰውን ነገር ይናገራል እንጂ «ማን አደረገው?» አያሰኝም። ስለዚህ ያለማመንታት «ተለወጠ» ይጻፍ እላለሁ፤ ሰዋስዉ ብቻ ሳይሆን ነገሩም የሚፈልገው ይህንን ነው።

ቫይረስም ሆነ ባክቴሪያ በሚራባበት ጊዜ ዘረመሉ፣ ማለትም እንደ ፊደል በተደረደሩ ኬሚካሎች የተጻፈው የውርስ መመሪያው፣ ይገለበጣል። በግልበጣው መካከል አልፎ አልፎ አንድ ፊደል በሌላ ይተካል፣ ይዘለላል ወይም ይደገማል። ሚውቴሽን የሚባለው ይህ ነው። የብራና መጻሕፍትን ያጠና ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል፦ ጸሓፊው አንድ ቃል ከዘለለ፣ ከእርሱ ቅጂ የተገለበጡት ሁሉ ያንኑ ቃል ይዘልላሉ፤ አጥኚውም ግድፈት የሚጋሩትን ቅጂዎች አሰባስቦ ከአንድ ምንጭ መውጣታቸውን ይለያል። የበሽታ ተመራማሪውም እንዲሁ ነው። ከሁለት ሕሙማን የተወሰዱ ተሕዋስያን በሌላ ቦታ እምብዛም የማይገኝ ለውጥ ከተጋሩ፣ የቅርብ ዘመዳሞች ሳይሆኑ አይቀሩም። አብዛኛው ለውጥ በበሽታው ጠባይ ላይ የሚያመጣው ነገር የለም፤ ዱካ ለመከተል በእጅጉ የሚረዳውም ይኸው ከንቱ የሚመስለው ነው። ተሕዋሱን የሚጠቅም ለውጥ፣ ለምሳሌ መድኃኒትን የሚያስቋቁም፣ በማይዛመዱ ዝርያዎች ላይ ለየብቻው ሊከሰት ስለሚችል ዝምድናን ሲመሰክር ያሳስታል።

«ተለዋዋጭ» የሚለውን ቅጽልም በጥንቃቄ ልንይዘው ይገባል። የኮቪድ-19 ቫይረስ ዘረመል ወደ 30,000 የሚጠጉ ፊደላት አሉት፤ በስርጭቱ በወር በአማካይ ሁለት ያህል ለውጥ ያጠራቅማል። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ወደ 4.4 ሚሊዮን ፊደላት ይዞ፣ በዓመት የሚያጠራቅመው ለውጥ በአማካይ አንድ እንኳን አይሞላም። ሁለቱን በአንድ ቃል «ተለዋዋጭ» ብሎ ማለፍ አንባቢን ያሳስታል። ለውጡ እንዲህ ጥቂት ሊሆን ስለሚችልም ጥቂት ጂኖችን፣ ማለትም የዘረመል ክፍሎችን፣ ብቻ የሚያነጻጽር ልየታ ለብዙ ተሕዋስያን አይበቃም። ከ1998 ጀምሮ የተስፋፋው አንዱ ስልት አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ጂኖችን ያነጻጽራል፤ ዛሬ ግን ሙሉውን ዘረመል ማንበብ ስለተቻለ በሰባቱ አንድ የሚመስሉ ናሙናዎች ሲለያዩ ይታያል።

ከጥያቄዎ ጥቂት ወጣ ብዬም ቢሆን የማነሣው ሌላ ግስ አለ፤ እርሱም «አረጋገጠ» ነው። «የዘረመል ምርመራ በሽታውን ማን እንዳመጣው አረጋገጠ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሳይ አዝናለሁ፤ በሰው ላይ የሚወድቅ ከባድ ቃል ነውና። በጥቅምት 2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሄይቲ ኮሌራ ተነሣ። በ2011 የታተመ የዘረመል ንጽጽር፣ ከኔፓል የተወሰዱ አንዳንድ ናሙናዎች ከሄይቲው የሚለዩት በአንድ ወይም በሁለት ፊደል ብቻ መሆኑን አሳየ። ፊደሎቹ የተናገሩት ዝምድናን ነው። ወረርሽኙ ከየት እንደተነሣና በየት በኩል እንደተዛመተ ያሳየው ግን በቦታው የተደረገው ምርመራ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን የታዩት ከኔፓል የመጡ የሰላም አስከባሪዎች ከሰፈሩበት ቦታ አጠገብ፣ አርቲቦኒት ወደተባለው የሄይቲ ወንዝ በሚገባው ገባር ወንዝ አካባቢ ነበር። በሽታው ከሰፈሩ ወጣ የሚለውን ክስ ያጸናው የዘረመል ንጽጽሩና የቦታው ምርመራ መገጣጠም ነው።

እንግዲህ የሁለት ሕሙማን ናሙናዎች ሲመሳሰሉ «አንዱ ለሌላው አስተላለፈ» ተብሎ መጻፍ የለበትም፤ ሁለቱም ከሦስተኛ ሰው ወይም ከአንድ የተበከለ ውኃ ይዟቸው ይሆናል። «የተገኘባቸው ዝርያ በጣም ተቀራራቢ ነው» ይበቃል። ናሙናዎቹ እጅግ ተራርቀው ከተገኙ ግን «በቅርቡ ከአንዱ ወደ ሌላው አልተላለፈም» ቢባል ዓረፍተ ነገሩ በጣም የጠነከረ መሠረት አለው።