መልስ፦ ዋርፋሪንን በሪቫሮክሳባን ስለ መተካት

ወንድሜ፣ እኅትዎ ለደም ምርመራ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን መመላለሱ ስላደከማት፣ ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን ዋርፋሪንን ትታ፣ ለዚሁ በሚሰጠውና ያን ክትትል በማይጠይቀው አዲስ መድኃኒት በሪቫሮክሳባን መታከም ትችል እንደሆነ ጠይቀዋል። የመንዝን መንገድ የሚያውቅ ሰው ድካሟን ይረዳል። ሆኖም በሩማቲክ የልብ ሕመም ሚትራል የተባለው የልቧ ቫልቭ (የደም መተላለፊያ በር) ጠቦ የልብ ምቷም ከተዛባ፣ እስካሁን ያለው ማስረጃ ለውጡን አይደግፍም።

ኢንቪክተስ የተባለው ጥናት፣ ውጤቱ በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ በ24 አገሮች የሚገኙና እንደ እኅትዎ ያለ ሕመም ያለባቸውን ከ4,500 በላይ ሰዎች ተከታትሏል። ብዙዎች አዲሱ መድኃኒት ቢያንስ እኩል ይሆናል ብለው ቢጠብቁም፣ ዋርፋሪንን ወይም መሰሎቹን ከወሰዱት ይልቅ ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት መካከል ብዙ ሰው ሞቷል፤ ከባድ የደም መፍሰስም ቢሆን በዋርፋሪን በኩል ጉልህ ብልጫ አላሳየም። ሪቫሮክሳባን ቀደም ሲል የተመሰገነበት ትልቅ ጥናት ቫልቫቸው በእጅጉ የጠበበ ሕሙማንን እንዳላካተተ ማስታወስ ይገባል፤ ለእኔ ዋናው ነጥብ ይህ ነው።

ስለዚህ ምርመራው እንዳይቋረጥ አደራ እላለሁ። ደሟ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው፣ አይ ኤን አር የሚባለው የደም ምርመራ ውጤት አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 እንዲሆን ይፈለጋል። ጎመን የዋርፋሪንን ኃይል ስለሚቀንስ፣ በጾም ወራት የምትበላው የጎመን መጠን በድንገት እንዳይጨምር ትጠንቀቅ። ዋርፋሪን ጽንስን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ልጅ የመውለድ ሐሳብ ካላት ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ታማክር።