ከሴራሚኩ በፊት፦ የመታጠቢያ ቤት ውሃ መከላከያ ጥያቄና መልስ

የመታጠቢያ ቤት ልታሠሩ ያሰባችሁ ጥያቄያችሁን አምጡ ብዬ ነበር፤ ከጠበቅሁት በላይ መጣ። የሴራሚክ ቀለምና መጠን ምርጫን ለሌላ ሰው ትቼዋለሁ። እዚህ የማነሳው ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት ያለውን ሥራ፣ ማለትም ውሃ እንዳይሰርግ ከሥሩ የሚቀባውን መከላከያና ዝግጅቱን ብቻ ነው።

ሴራሚክ ራሱ ውሃ አያስገባም አይደል? ታዲያ ሌላ ወጪ ለምን?

ሴራሚኩ አያስገባም፣ መገጣጠሚያው ግን ያስገባል። በሴራሚኮቹ መካከል የሚሞላው ሲሚንቶ ያለበት ግራውት ውሃ ይጠጣል። ገላችሁን በታጠባችሁ ቁጥር ጥቂት ጥቂት እየሰረገ ማጣበቂያው ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ልስኑ ይቀበለዋል። ችግሩ መጀመሪያ የሚታየውም መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ አይደለም። ከግድግዳው ጀርባ ያለው መኝታ ቤት ቀለሙ ይላጣል፣ ወይም የታችኛው ፎቅ ኮርኒስ ይበልዛል። ያኔ ሴራሚኩን ማፍረስ ሊመጣ ነው።

ጋሼ፣ የእኛ ግድግዳ ግማሹ በሲሚንቶ ተለስኗል፣ ግማሹ ግን ጄሶ ነው። ሁለቱም ላይ መቀጠል እንችላለን?

ሲሚንቶው ላይ አዎ። እየተፈረፈረ ያለ ካለ በመሮ አንሱት፣ አቧራውን ጥረጉ፣ የዘይት ቀለም ካለበት ፍቃችሁ አስወግዱት። ባለ 2 ሜትር ቀጥ ያለ ዘንግ ስታስጠጉበት ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ካሳየ አስተካክሉት፤ ማጣበቂያ እያወፈሩ ጎድጓዳ መሙላት የሰነፍ መላ ነው።

ጄሶው ግን ሻወር የሚያርፍበት ላይ ካለ ይነሳና በሲሚንቶ ይለሰን። ጄሶ ሲርስ ይለሰልሳል። ደግሞም እርጥበት ባለበት ከሲሚንቶ ማጣበቂያ ጋር ሲገናኝ የሚያብጥ ክሪስታል ይፈጠራል፤ ያ እብጠት ሴራሚኩን ይገፋዋል። ውሃ የማይረጭበት ደረቅ ግድግዳ ላይ ከሆነ መጀመሪያ ተስማሚ ፕራይመር፣ ማለትም የሚከተለው ንጣፍ እንዲይዝ ቀድሞ የሚቀባ ፈሳሽ፣ ቀብታችሁ መቀጠል ትችላላችሁ።

የወለሉን ተዳፋት ሴራሚክ አንጣፊው በማጣበቂያው ያወጣዋል ተብያለሁ። ልክ ነው?

አይደለም፤ በዚህ ላይ አልደራደርም። ተዳፋቱ ከመከላከያው ሥር መሆን አለበት። ወለሉ ዝርግ ሆኖ መከላከያው ከተቀባና ተዳፋቱ ከላይ በማጣበቂያ ከወጣ፣ በግራውቱ የሰረገው ውሃ ታች ዝርጉ ላይ ተኝቶ ይቀራል። መሄጃ የለውም። ሽታውም፣ በመገጣጠሚያው የሚወጣው ነጭ ዱቄትም ከዚያ ነው።

በ1 ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር መውረድ አለበት፣ ሻወሩ ሥር ወደ 2 ቢጠጋ ይሻላል። የውሃ መውረጃውን መጀመሪያ አስቀምጡ፣ ከጥጎቹ ወደ እሱ ክር ወጥሩ፣ በውሃ ልክ አረጋግጡ፣ ከዚያ ሲሚንቶው ይፍሰስ። መከላከያው ደግሞ መውረጃው አፍ ላይ ደርሶ ከከንፈሩ ጋር መያያዝ አለበት። ሁለት ጣት ያህል ቀድሞ ከቆመ ውሃውን ሰብስቦ ቀጥታ ወደ ሶሌታው መምራት ነው።

ወለሉ ከተሞላ በኋላ መከላከያውን ለመቀባት ስንት ቀን እንጠብቅ?

ለተለመደው የሲሚንቶ ሙሌት በአንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ሳምንት ያህል አስቡ። ጥርጣሬ ካላችሁ የግማሽ ሜትር ካሬ ላስቲክ አንጥፉና ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉ። በማግሥቱ ከሥሩ ጤዛ ካለ ገና ነው።

የትኛውን መከላከያ ልግዛ? ሻጩ ሦስት ዓይነት አሳየኝ፣ ባለሙያው ደግሞ ቦያካ ይበቃል ይላል።

እህቴ፣ ቦያካ፣ ማለትም በውሃ የቀጠነ ሲሚንቶ፣ ደርቆ ግትር ይሆናል። ቤቱ ትንሽ ሲንቀሳቀስ አብሮ ይሰነጠቃል። ከሲሚንቶ ጋር የሚቀላቀለው ዱቄት ወይም ፈሳሽም የውሃ መስረግን ይቀንሳል እንጂ ስንጥቅ አይሸፍንም።

ለሴራሚክ ሥር ሁለት ምርጫ ይበቃችኋል። አንዱ እንደ ቀለም የሚቀባ፣ ሲደርቅ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ አክሪሊክ ነው። ሌላው ዱቄትና ፈሳሽ ተቀላቅለው የሚቀቡት ተለጣጭ ሲሚንቶ ነው። የመጀመሪያው ደረቅ ወለል ይፈልጋል። ሁለተኛው ግን በአብዛኛው ከመቀባቱ በፊት ወለሉ እርጥብ እንዲል ይፈልጋል፣ ውሃ ሳይቋጥር። ይህን ገልብጠው የሚሠሩ ሞልተዋልና የማሸጊያውን ጽሑፍ ራሳችሁ አንብቡ። ቢቱመን፣ ማለትም ጥቁሩ ሬንጅ፣ ለጣሪያና ለመሠረት ጥሩ ነው፤ የሴራሚክ ማጣበቂያ ግን ቀጥታ አይዘውም፣ በላዩ ሌላ የሲሚንቶ ንጣፍ ያስፈልገዋል።

ሁለት ጊዜ ይቀባ፦ አንዱ በቁመት፣ ሌላው በአግድም፣ የመጀመሪያው ከደረቀ በኋላ። የተለጣጩ ሲሚንቶ አጠቃላይ ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም በካሬ ሜትር 3 ኪሎ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ባዶ ማሸጊያዎቹን ቁጠሩ። 10 ካሬ ሜትር በ12 ኪሎ ጨረስኩ የሚላችሁ ሰው ቀለም ነው የቀባላችሁ።

ግድግዳው ላይ እስከየት ድረስ?

ወለሉ ሙሉ በሙሉ። የሻወሩ ግድግዳ ከሻወሩ ጭንቅላት ከፍ ብሎ፣ ወደ 2 ሜትር። ሌላው ግድግዳ ከወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበቃል። የበሩን ደፍ አትርሱ፤ ብዙ ውሃ ወደ ኮሪደር የሚሾልከው በዚያ ነው።

ሁሉንም በሚገባ ቀብተን ነበር፣ ግን አንጠባጠበ። የት ነው የሚሳሳቱት?

ዝርጉ ገጽ ላይ ብዙም አይሳሳቱም። የሚያንጠባጥበው ሁለት ነገር በተገናኘበት ነው፦ ወለልና ግድግዳ፣ ግድግዳና ግድግዳ፣ ቧንቧና ልስን። እነዚህ ሁለቱ ወገኖች እኩል አይንቀሳቀሱም፤ ተቀቢው ብቻውን እዚያ ይቀደዳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቅብ ላይ፣ ገና እርጥብ ሳለ፣ ጥጉን ተከትሎ ተለጣጭ የማዕዘን ጨርቅ ይለጠፍ፣ ሳይሸበሸብ፣ ከዚያ በላዩ ይቀባ። ቧንቧ ለሚወጣበት ቀዳዳ ለዚሁ የተሠራ ባለ ቀዳዳ ቁራጭ አለ። ሴራሚኩ ካለቀ በኋላም እነዚህ ጥጎች በሲሊኮን ይሞሉ እንጂ በግራውት አይሞሉ።

እንዴት ነው የምፈትነው?

መከላከያው ማሸጊያው ያለውን ያህል ከቆየ በኋላ መውረጃውን ድፈኑ፣ በሩ ላይ ትንሽ ግድብ ሥሩ፣ ከፍተኛው ቦታ እስኪሸፈን ውሃ ሙሉ። የውሃውን ልክ በእርሳስ ምልክት አድርጉና ቢያንስ 24 ሰዓት ተዉት። ትነት እንዳያሳስታችሁ አንድ ባልዲ ውሃ አጠገቡ አኑሩ፤ ወለሉ ከባልዲው የበለጠ ከቀነሰ የሆነ ቦታ እየሸሸ ነው። የታችኛውን ኮርኒስም ሄዳችሁ ዳስሱት። ሠሪው «ጊዜ የለኝም» ካለ ቀሪ ክፍያውም ጊዜ ይፈልጋል በሉት።

አሮጌው ሴራሚክ ላይ ብንደርብስ?

በእንጨት እጀታ እያንኳኳችሁ ዙሩ። ባዶ ድምፅ የሚሰጡት ይነሱ። የቀሩት ጠንካራ ከሆኑ አንጸባራቂውን ገጽ በግራይንደር ጫሩ፣ ፕራይመር ቀቡ፣ ከዚያ መከላከያው ይቀጥላል። ቀድሞ ያንጠባጥብ የነበረ ከሆነ ግን አፍርሱት፤ የጠጣው ውሃ መሃል ላይ ታፍኖ ይቀራል።

እኛ ታች ነን፤ ከላይ ያለው ጎረቤት አይጠግንም። ኮርኒሱን ከሥር ብንቀባውስ?

ውሃው ከጀርባ እየገፋ ቅቡን ያላቅቀዋል። የሚጠገነው ከላይ ነው፣ አዝናለሁ።

ሁሉ ካለቀ በኋላ የሻወር መስታወትና የመጸዳጃ መቀመጫ መብሳት ግድ ነው። መከላከያውን አይበሳውም?

ይበሳዋል። ግድግዳው ላይ ቀዳዳውን አጽድታችሁ ሲሊኮን ሙሉ፣ ፊሸሩን፣ ማለትም ብሎኑን የሚይዘውን ፕላስቲክ፣ ክተቱ፣ ብሎኑም ሲሊኮን ይዞ ይግባ። ሻወሩ ሥር ያለውን ወለል ግን አትንኩት። የመጸዳጃውን መቀመጫ በብሎን ፈንታ በሲሊኮን ማስቀመጥ ይቻላል፤ አንድ ቀን ሳትቀመጡበት ይድረቅ።