መልስ፦ ሽጉጥ በሱሪ ውስጥ ሲታጠቁ ሆድ የሚወጋው ለምንድን ነው?

ወንድሜ፣ ቴክሳስ ውስጥ ግሎክ 19 ሽጉጥ ከፊት፣ ከእምብርትህ በስተቀኝ ታጥቀህ መኪና ስትነዳ እጀታው ሆድህን፣ አፈሙዙ ጭንህን እንደሚወጋህ ጽፈሃል። አዲስ ሆልስተር (የሽጉጥ ማኅደር) ከመግዛትህ በፊት ቀበቶህን እይ። ሽጉጡ ካርታው (የጥይት መያዣው) ሲሞላ 850 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ተራ ቀበቶ ይረግብበትና እጀታው ወደ ውጭ ይዘማል። ያን ለመከላከል ከልክ በላይ ታጠብቀዋለህ፣ ሕመሙም ከዚያ ይመጣል። 3.8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ውስጡ ማጠንከሪያ የገባበት ቀበቶ ያዝ፤ ሱሪህም በወገቡ ከልክህ 1 ወይም 2 ኢንች ይስፋ።

ቀጥሎ ሆልስተሩን በአንድ ብሎን ቀዳዳ ከፍ አድርገው። በታችኛው ጫፍ፣ ሰውነትህን በሚነካው በኩል፣ ለስላሳ ስፖንጅ ለጥፍ፦ አፈሙዙን ከጭንህ ያርቃል፣ እጀታውን ደግሞ ወደ ሆድህ ያስጠጋል፤ ሸሚዝህ ላይም አያብጥም። አጭር ሆልስተር ይመቻል የሚባለው ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው፤ ከቀበቶ በታች የሚቀረው ክፍል ሲያንስ ሽጉጡ ይገለበጣል።

ለምቾት ብለህ ግን የጨርቅ ሆልስተር እንዳትገዛ! ግሎክ በእጅ የሚቆለፍ ደኅንነት የለውም። የጨርቁ አፍ ታጥፎ ቃታው ጋ ከገባ፣ ሽጉጡን ስትመልስ ሊተኩስብህ ይችላል። ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን የካይዴክስ (የጠንካራ ፕላስቲክ) ሆልስተር ይሁን። መጀመሪያ ካርታውን፣ ከዚያ በውስጡ የቀረውን ጥይት አውጥተህ፣ ባዶ መሆኑን ሁለቴ አይተህ፣ ሽጉጡን ሆልስተሩ ውስጥ ከትተህ ፍራሽ ላይ ገልብጠህ ነቅንቀው፤ ከወደቀ ብሎኑን አጥብቅ። ስትመልሰውም የሸሚዝህን ጫፍ ሰብስበህ፣ በዓይንህ እያየህ፣ ቀስ ብለህ።